አሥራ ዘጠኝ ትርፍ ኪሎ ሜትር

እና ይሄኛውም አይደለም፣ ይሄ መገንጠያ ወደ ድንጋይ መፍጫው ነው የሚወስደው፣ አቧራ ለብሶ ነጭ የሆነ ገልባጭ መኪና ሲወጣበት አየሁ፣ አንተ ደግሞ ነጭ አቧራ ይዘህ ቤት ገብተህ አታውቅም፣ ልብስህን የማጥበው እኔ ነበርኩ፣ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ይሰረዝ። ሌላ እስኪመጣ ዓይኔን ከመስታወቱ አልነቅልም። ቆጣሪው ሰባት መቶ አርባ አንድ ይላል፣ ሾፌሩ ስንነሳ ዜሮ አድርጎልኛል፣ ለመድረስ ሁለት መቶ አይሞላም፣ እስካሁን ያለፍነው ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፣ እንግዲህ ከቀረው ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ያቺ አሥራ ዘጠኝ ትርፍ ኪሎ ሜትርህ ተደብቃለች፣ እዚያ ቤት አለ፣ ቤቱ ውስጥ ሴት አለች። ሳላገኛት አልመለስም። ከቀበርኩህ አራት ወር ሆነኝ፣ የቀበርኩት የኔን ባል ይሁን የሌላ ሴት ባል ግን እስካሁን አላወቅኩም፣ ጥቁሩን ለማን እንደለበስኩት ሳላውቅ አላወልቀውም።

መሪውን የያዘው ጓደኛህ ነው። ፍሬን። ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ፣ ዳገት ላይ ሳይቀር ፍሬን ይይዛል ብለህ፣ ወሬውም እንደ አነዳዱ ነው፣ ይጀምርና መሀል ላይ ቀጥ። ምነው እህቴ፣ መንገዱን ልትገዢው ነው እንዴ እንዲህ ግራ ቀኝ የምታዪው፣ ይለኛል። እስቃለሁ። ጥርሴ ነው የሚስቀው። ባሌ ጭነት ሲያመላልስ ዕድሜውን የጨረሰበትን መንገድ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው የለመንኩት፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እሺ የወንድሜ ሚስት፣ አለ፣ ያንን እንባ አላመንኩትም፣ ወንዶች አንዳቸው የአንዳቸውን ጉድ ይሸፍናሉ፣ ይሄ ደግሞ ስንት ዓመት ከኋላ ከኋላህ የነዳ ሰው ነው፣ ስትታጠፍ እሱ ያላየ ማን ሊያይ ነው። የት ላይ ነው የሞተው፣ አልኩት ትናንት ስንነሳ፣ ቁልቁለት ላይ ከማለት በቀር የነገረኝ ሰው የለም፣ ይሄ መንገድ ሃምሳ ቁልቁለት አለው። ስንመለስ አሳይሻለሁ፣ አለኝ። ስንሄድስ ምን አለበት? ፍሬን ያዘ።

ደብተሩ ጭኔ ላይ ነው፣ በሹራቤ ሸፍኜዋለሁ። ፍሬን አያውቀውም፣ ያንተና የኔ ነው። ጽሑፍህ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ የመኪናው ባለቤት ደግሞ በየወሩ መጨረሻ የተሄደውን ኪሎ ሜትር በንጹሕ ወረቀት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከመጫኛው ግቢ ስትወጣ ትደውላለህ፣ ጸሐፊዬ ነሽ? ነኝ። ጻፊ። ስትደርስም ትደውላለህ፣ ጸሐፊዬ፣ ገባሁ፣ ጻፊ። ሌላዋ ሴት ባሏ ሲደውል ናፍቆት ትሰማለች፣ እኔ ስድስት አኃዝ፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ከአኃዞቹ በኋላ ትንሽ ትተነፍሳለህ፣ እሷን ትንፋሽ ስጠብቅ ነበር የምውለው። እና አንድ ቀን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የመነሻውን ከመድረሻው ቀነስኩ።

መንገዱ ዘጠኝ መቶ አርባ ነው ትለኝ ነበር፣ አንዲት አትጎድልም አንዲት አትበልጥም። ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለት አገኘሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር ምንም አይደለም፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሻይ ነው። ቀጥሎ አራት። ስምንት። ስምንት ኪሎ ሜትር ሻይ አይደለም፣ ቤት ነው። አሥራ ሰባት ሲደርስ፣ ልጅ ያለበት ቤት። ቀስ እያለ ነው ያደገው፣ ፍቅርም እንደዚያ ነው የሚያድገው፣ አንድ ቀን ሳላስበው ደግሞ ድፍን ዘጠኝ መቶ አርባ፣ ትርፉ ዜሮ፣ ያን ቀን ስትደውል ትዘፍን ነበር፣ እንደ ሙሽራ መኪና እየተንሸራተትኩ ነው የመጣሁት አልከኝ፣ ቢጫ ሻርፕም ገዝተህልኝ መጣህ። ከቁጥሩ ጎን በእርሳስ ጻፍኩ፣ ተጣሉ። ሻርፑን አንድ ቀን አልለበስኩትም፣ ሌላ ሴት ስለተወችህ የተገዛ ሻርፕ። ከዚያ እንደገና ሁለት፣ አምስት፣ ዘጠኝ። ታረቁ፣ ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻው አሥራ ዘጠኝ ነበር።

ለምንድን ነው የምትቆየው ስልህ መልስህ አንድ ነው። ጎማ። ለምን ከፋህ? ጎማ ነው እባክሽ። ለምን አልበላህም? ጎማው አስጨንቆኝ። ጎማ፣ ጎማ፣ ጎማ፣ ሰው ሰበብ ሲያጣ እንኳ ትንሽ ይለዋውጣል። ሞትህንም ሲያረዱኝ ጎማ ፈንድቶበት ነው አሉኝ፣ ፊቴን ዞር አደረግኩ፣ ሬሳ ላይ እንኳ ይቺን ሰበብ ይጭናሉ ብዬ።

መገንጠያ። ቀኝ። የውሃ ታንከር፣ አጥር፣ ወታደር። አይሆንም።

ፍሬን ያቆማል፣ አሁንም ሊመታ ነው፣ አጭሯን ብረት ከወንበሩ ሥር ያወጣና ጎማዎቹን አንድ ባንድ እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጣል፣ እንደ ሐኪም፣ አንተም እንደዚያው ነበርክ፣ ቤት ስትመጣ የውሃውን በርሜል መታ ሳታደርግ አልፈህ አታውቅም፣ ደህና ነው ትላለህ ለበርሜሉ፣ እኔን ግን ደህና ነሽ ወይ ሳትለኝ የምትቀመጥበት ቀን ነበር፣ አይ፣ ይሄን እንኳ ያጋነንኩት ይመስለኛል። እሱ ከታች ሲመታ እኔ ከወንበሩ ጀርባ ያለችውን አልጋ አየሁ፣ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጌ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ትራስ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ባዶ ጀሪካን። እዚህ ሁለት ሰው አይተኛም። አንድም ሰው ታጥፎ ነው።

ጠዋት ሻይ ቤቷ ጋ ቆመን ነበር፣ አምስት መቶ ሃያ ላይ፣ ጽፌዋለሁ። ባለቤቷ ልጅ አዝላለች፣ ከእኔ ብዙ የማታንስ፣ ሳቂታ፣ ሳቂታ ሴት ያስፈራኛል። ፍሬን ማን እንደሆንኩ ሲነግራት ብርጭቆውን አስቀመጠች። ውይ እቴ! ጸሐፊዋ! አንቺ ነሽ ጸሐፊዋ? ቃሏ ከአፏ ስትወጣ ደሜ ቀጥ አለ፣ ያቺ ቃል የኛ ነበረች፣ የመኝታ ቤት ቃል ባትሆንም የስልክ ቃል ነበረች። እንዴት አወቅሽኝ? እንዴት አላውቅሽም እቴ፣ ሚስቴ ጸሐፊ ናት፣ ፊደሏ እንደ መጽሐፍ ነው፣ እያለ ሾፌሩን ሁሉ ሲያሰለች የኖረ፣ ስኳር ልጨምርልሽ፣ እሱ እንኳ አምስት ማንኪያ ነበር፣ ስኳሩን በሻይ ነበር እኮ የሚጠጣው! ፍሬን በሳቅ ተንፈቀፈቀ። እኔ ጋ ስኳር ትቻለሁ ብለህ መራራውን ትጠጣ ነበር። ሐኪም ከልክሎህ፣ እኔም ተቆጥቼህ፣ ለእኔ ስትል። አምስት ማንኪያ የደበቀ ሰው ምን የማይደብቅ ነገር አለ፣ ልጁን ተጠግቼ ጆሮውን አየሁ፣ ያንተ ጆሮ እንደተከፈተ መስኮት ነው፣ የልጁ ጆሮ ጭንቅላቱ ላይ የተለጠፈ ነው፣ ተነፈስኩ፣ ደግሞም ሻይ ቤቷ አስፋልቱ ጥግ ናት፣ እዚያ ለመድረስ አንዲት ሜትር አይታጠፍም። አሥራ ዘጠኟ እዚያ አይደለችም።

ከዚያ በኋላ ግን ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። ይቺን አልረሳትም፣ ከሥሯ ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ። ቁልቁለቱ ላይ፣ ከፊት መኪና የለም፣ ከኋላ የለም፣ ሰው የለም፣ ፍሬን ጡሩምባውን ነፋ፣ ረጅም፣ ሁለት ጊዜ። ለማን ነው? ፊቱን በእጁ ጠረገ፣ ላብ ነው መሰለኝ፣ እንዲያው ነው አለኝ፣ ልማድ ነው። በስተቀኝ ብቻዋን የቆመች ቤት አየሁ፣ በሯ ሰማያዊ ነው፣ ሰው ጡሩምባ ሲሰማ ወደ በር ይወጣል፣ አንገቴ እስኪጣመም ዞሬ አየሁ፣ ማንም አልወጣም። ምናልባት የምትወጣው ባንተ ጡሩምባ ብቻ ይሆናል። ጻፍኩ፣ 612፣ ሁለት ጡሩምባ፣ ሰማያዊ በር። ከፊት ካጣሁ የምመለስባት እሷ ናት።

ሰባት መቶ ሰማንያ። ስምንት መቶ አሥር። ነዳጅ ማደያ፣ ጎሚስታ፣ ትምህርት ቤት፣ ጎሚስታ። ተዳክሜያለሁ። የመጨረሻው ስልክህ ትዝታ ይመጣል፣ ሳልጠራው። ከመጫኛው ግቢ ነው የደወልከው፣ ረፋድ ላይ፣ ጸሐፊዬ ነሽ? ነኝ አላልኩም፣ ቁጥሩን ንገረኝ አልኩ፣ ነገርከኝ፣ ጻፍኩ፣ ከዚያ ለምን ትናንት ሳትደውል ዋልክ አልኩህ። ጎማ ነው እባክሽ፣ አለቀ፣ ለባለቤቱ ስነግረው ነው የዋልኩት። እንግዲያው ከጎማህ ጋ እደር፣ አልኩህ፣ ዘጋሁት። ጥሩ አልኩት ብዬ ነበር። ድስት እያጠብኩ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ፣ እስኪ ይመለስ፣ ደብተሩን ፊቱ ላይ ነው የምዘረጋው እያልኩ።

ዘጠኝ መቶ አርባ።

የማራገፊያው ግቢ በር ላይ ሰልፍ ይዘናል፣ ከፊታችን ስምንት መኪና፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ፀሐዩ ጋቢናውን እያጋለው ነው። ዘጠኝ መቶ አርባ፣ ድፍን፣ አንዲት አልበለጠም። አንድም መገንጠያ አልቀረኝም። የት ነው የምትኖረው? እለዋለሁ። ማን? እሷ ናታ፣ የጓደኛህ ሴት! ፍሬን አፉን ከፍቶ ያየኛል። እህቴ፣ ደህና ነሽ? ደብተሩን አውጥቼ ጭኑ ላይ ወረወርኩት፣ አንብብ፣ ትርፉን አንብብ፣ ይሄ ሁሉ የት የተሄደ ነው?

በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። ተጣሉ የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፣ እነማን ናቸው የተጣሉት? ከዚያ እንደገና ቁጥሩን። ይሄ ዜሮ የሆነበት መቼ ነው? ሻርፕ ያመጣልኝ ጊዜ ነው። አዎ፣ አለ፣ አዎ፣ ያኔ ነው ባለቤቱ ጎማ የቀየረለት፣ ሁሉንም ባንዴ፣ ደስ ብሎት አብሬው ገበያ ሄጄ ነበር፣ ሻርፑን ቢጫ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።

የጀሪካኑን ክዳን አነሳ፣ ከመስታወቱ ሥር ደግሞ የጠርሙስ ቆርኪ፣ ሁለቱን ደብተሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንከባለላቸው፣ መጀመሪያ ትልቁን፣ ቀጥሎ ትንሿን። የትኛው ብዙ ዞረ? ትንሿ። ገጹ ግን አንድ ነው አይደል? ያለቀ ጎማ ያንሳል እህቴ፣ ሲያንስ ብዙ ይዞራል፣ ቆጣሪው መንገዱን የት ያየዋል፣ የሚቆጥረው ዙር ነው። የኔ አዲስ ነው፣ ልኩን ነገረሽ። የሱ እያለቀ ነበር። እየቀለደ ነበር የሚያስረዳኝ፣ ሴቲቱ ጎማ ናት፣ ጎሚስታ ነበር የምትጠይቂው፣ እያለ፣ ጣቱ ወደታች እየወረደ፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት፣ መጨረሻዋ ላይ ደረሰ። አሥራ ዘጠኝ። ሳቁ ሄደ። አሥራ ዘጠኝ ከሆነማ ጥርሱ የለም፣ ክሩ ወጥቷል ማለት ነው፣ እኔ እኮ አብሬው ነበርኩ፣ በዚህ አልወጣም ቀይርልኝ ብሎ ባለቤቱን ሲለምን፣ አንድ ጉዞ ብቻ አለው ያ ሰውዬ፣ አንድ

ፍሬን ያዘ።

እኔም ያዝኩ። አንድም የማስበው ነገር የለም፣ ከዚያ ሁሉም ባንዴ፣ ስኳሩ፣ በርሜሉ፣ ሻርፑ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደታጠፈ ያለው ሻርፕ፣ በገዛ እጄ በንጹሕ ፊደል የጎማህን ማለቅ ቀን በቀን ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ ከጎኑ ታረቁ ብዬ። አንተ ግን እውነቱን ነበር የምትነግረኝ፣ አንድ ቃል፣ አለመለዋወጥህ እውነት ስለነበረ ነው። ከጎማህ ጋ እደር። ከሱ ጋ አደርክ።

ጡሩምባው ለማን ነበር፣ አልኩት።

መሪውን እያየ ነው የመለሰልኝ። እዚያ መታጠፊያ ላይ ሁላችንም እንነፋለታለን፣ የሚያውቀው ሾፌር ሁሉ፣ ሁለት ጊዜ። እንዳልነግርሽ ጭነት ይዤ ቁልቁለት እየወረድኩ ነው፣ ብታለቅሺ ምን አደርጋለሁ፣ ስንመለስ ባዶ ነን፣ ዳገት ነው፣ ቀስ ብዬ አቆምልሻለሁ ብዬ ነው። የገባበት ገደል በግራ ነው።

በግራ። እኔ ቀኝ ቀኙን ነበር የማየው። የሰው በር።

ከፊታችን ያለው መኪና ገባ፣ ሰልፉ ተጠጋ፣ ፍሬን ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ነዳና አጠፋው። ደብተሩን ከጭኑ ላይ አነሳሁ፣ የመጨረሻዋን መስመር አወጣሁ፣ የተነሳህበት አለ፣ የደረስክበት ባዶ ነው፣ አራት ወር ሙሉ ባዶ፣ ቁጥሩን የሚነግረኝ የለም ብዬ ትቼው ነበር። ቁጥሩ ግን እጄ ላይ ነው፣ ጠዋት ጽፌዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ አስምሬበት። መነሻህ ላይ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ደመርኩ። ልጽፍ ስል እስክሪብቶው ቆመ፣ ይሄ የፍሬን ቆጣሪ ነው፣ ያንተ አይደለም። ወንድሜ፣ እስከዚያ መታጠፊያ የሱ ቆጣሪ ስንት ያበልጥ ነበር? በጣቱ አሰበ፣ አሥራ ሁለት፣ አለ፣ አሥራ ሁለት ግድም። አሥራ ሁለቷንም ደመርኩልህ፣ በጥሩ ፊደል ጻፍኩት፣ ጎማው አልቆ ነበር፣ ነግረኸኝ ነበር።