ሦስት ሰው፣ ሰባት ወንበር

ሊንደን ቅዳሜ ጠዋት ትንሿን ነጭ መኪናቸውን ይዞ ወጣ፤ ከምሳ በኋላ የተመለሰው ግን ሰፈራችን አይቶት የማያውቅ ግዙፍ ጥቁር መኪና እየነዳ ነው። በአውስትራሊያ ከአደሌድ ከተማ በስተደቡብ ያለው የእኛ መንገድ ጠባብ ነው። ቤቶቹም የተሠሩት ሰው ሁሉ ትንሽ መኪና በሚነዳበት ዘመን ነው። አዲሱ መኪና ግቢ ገብቶ አፍንጫው የጋራዡን በር ሊነካ ደርሶ እንኳ ኋላው የእግረኛውን መንገድ ዘግቶ ቀረ። ማዶ ጽጌረዳቸውን ሲገርዙ የነበሩት ጎረቤታችን ወይዘሮ ግሌኒስ መቀሳቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመው ያዩት ጀመር።

ሚስቱ ሜሪን እጇን በፎጣ እያደራረቀች ወጣች። ትንሿ መኪና የት ሄደች ብላ ጠየቀችው። በዚህ ለወጥኳት አላት። ሳታማክረኝ ብትለው ድንገት ላስደስታችሁ ብዬ ነው አለ፤ ይህን ሲናገር ዓይኑ በእጁ ከያዘው ቁልፍ ላይ አልተነሳም። ሰባት ዓመት የሆናት ልጃቸው ፒፓ የኋላውን በር ከፍታ፣ እንደ ዛፍ ተንጠላጥላ ወጥታ ወንበሮቹን ቆጠረች። ሰባት ናቸው። እነሱ ደግሞ ሦስት ናቸው።

ሜሪን ያን ቀን ነገሩን ዋጥ አደረገችው። ወንድ ልጅ አርባ ዓመት ሲጠጋ አንዳንድ ነገር ያምረዋል ብላ ለማለፍ ሞከረች። ነገሩ የከነከናት ምክንያቱን ስትሰማ ነው። ለእሷ፣ አደጋ ቢደርስ ለልጅቷ ይሻላል ብሎ ነው የነገራት። ለፒፓ ድንኳን ይዘን እንሄዳለን አላት። ለሜሪን ወንድም ደግሞ ጀልባ ልጎትትበት ነው አለው። ጀልባ የላቸውም። ድንኳን የተባለውንም አንዴ ሞክረውት፣ ሊንደን በትንኝ ተበልቶ ፊቱ ስላበጠ ጀንበር ሳትጠልቅ ጠቅልለው ነው የተመለሱት። ግሌኒስ ይህን ሁሉ ሲሰሙ፣ እውነተኛ ምክንያት ያለው ሰው አንዱን ምክንያት ደጋግሞ ይናገራል እንጂ እንደ ሱቅ ዕቃ ለየሰው አይመርጥም አሏት። ባላቸው በሕይወት ሳሉ መኪና ሻጭ ስለነበሩ፣ ግሌኒስ በዚህ ጉዳይ ላይ ማንንም አያምኑም።

ሁለተኛው ነገር ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ሆነ። ሊንደን ከሥራ ባልደረባው ጋር ሄዶ ስለነበር ትልቁን መኪና ሜሪን ልትነዳ ተነሳች። ገና በጠዋቱ ሙቀቱ ከብዷል። የኋላው በር ሲዘጋ ሰማች። ፒፓ የገባች መሰላት። ፒፓ ግን ቦርሳዋን ብቻ ወርውራ፣ በሩን ዘግታ፣ የወለቀ ካልሲዋን ልትስብ ከመኪናው ፊት ቁጢጥ ብላ ነበር። ሜሪን ሞተሩን አስነሳች። ከፊቷ የሚታያት የኮፈኑ ሰፊ ጥቁር ገጽ ብቻ ነው። ልትንቀሳቀስ ስትል ግሌኒስ መንገዱን አቋርጠው መጥተው የውሃ ማጠጫውን ጣሳ ኮፈኑ ላይ አሳረፉት።

“ሜሪን፣ እግርሽን አንሺ” አሏት። “ልጅሽ ከፊትሽ ናት።”

ሜሪን ሞተሩን አጥፍታ ወረደችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፒፓ ካልሲዋን ጨርሳ ተነሳች፤ ቆማ እንኳ ቁመቷ ከኮፈኑ በታች ነበር። ያን ቀን በእግር ሄዱ። ፒፓ እጄን አጥብቀሽ ያዝሽኝ፣ አመመኝ ብትላት እንኳ ሜሪን አልለቀቀቻትም።

ማታ ለሊንደን ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ወጥቶ ልጅቷ የነበረችበት ቦታ ላይ፣ ከመኪናው ፊት ቁጢጥ አለ። ብዙ ቆየ። ሜሪን ይኼኔ ነገ ይመልሰዋል ብላ ተስፋ አደረገች። ሲገባ ግን ካሜራ አስገጥምለታለሁ፣ ድምፅ የሚያሰማም አለ አላት።

“ካሜራ አይደለም የምፈልገው። ይሸጥ” አለችው።

“አይሸጥም። ያስፈልገናል።”

“ማንን ነው የሚያስፈልገው? ንገረኛ።”

ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተው። ልጁን እንዴት እንደሚወድ ታውቃለች። ፒፓ ስታስል ተነስቶ በር ላይ የሚቆም አባት ነው። ይህ ሰው ልጁን ሊያጠፋ የነበረ መኪና አልሸጥም ካለ፣ ከመኪናው ጀርባ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ከዚያች ማታ ጀምሮ ሜሪን ባሏን እንደማታውቀው ሰው ታየው ጀመር። ሲስቅ ለምን ሳቀ ትላለች፤ ስልኩን ገልብጦ ሲያስቀምጥ ታያለች፤ ሸሚዙን ታሸታለች። በራሷ ታፍራለች፤ ግን አትተውም።

ቅዳሜ፣ መኪናውን ላጽዳልህ ብላ ቁልፉን ወሰደች። የጋቢናው ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። እሷ እዚያ ስትቀመጥ ወደ ፊት ታስጠጋዋለች፤ እንግዲህ ከእሷ በኋላ እግረ ረጅም ሰው ተቀምጦበታል። በበሩ ኪስ ውስጥ የሚንት ከረሜላ ወረቀት ተጨማድዷል። ወንበሩ የሚያቃጥል ቅባት፣ ጡንቻው የተጎዳ ሯጭ የሚቀባው ዓይነት ይሸታል። ከኋላ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ሰው የሚረግጠው የፕላስቲክ መወጣጫ አገኘች። ሊንደንን ስትጠይቀው የሥራ ባልደረባዬን ሸኝቼ ነው አላት። የትኛውን ስትለው ስም ለመጥራት ቆየ። ከገና ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የሚለው ስብሰባም ትዝ አላት።

ግሌኒስ ቤት ሄዳ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው።

“ሴት ከሆነች” አሉ ግሌኒስ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ “በዚያ ወንበር አቀማመጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ናት።”

“አይቀልዱብኝ፣ እባክዎ።”

“አልቀለድኩም፣ የኔ ልጅ። ሐሙስ መኪናዬ ነዳጅ አላት።”

እንዲህ ሆኖ ሐሙስ ቀትር ላይ ሁለቱ ሴቶች በግሌኒስ ሰማያዊ አሮጌ መኪና ውስጥ፣ ከሊንደን መሥሪያ ቤት ማዶ ካለ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሊንደን የከተማው ውሃ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ጥቁሩ መኪና ሲወጣ ተከተሉት። ሜሪን እንዳያየን ብላ አንገቷን ስትቀብር ግሌኒስ ቀና በይ አሏት፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ እንደ እኛ ያለችውን ቁንጫ አያይም፣ እኛ ግን እሱን ከተራራ ማዶም አናጣውም አሉ። ወደ ደቡብ ወጡ። የወይን እርሻውን አለፉ፣ ማውንት ኮምፓስ የምትባለው የገጠር ከተማ ላይ ላሞቹን አለፉ። ሜሪን በየመታጠፊያው፣ እዚህ ከሆነ ሆቴል አለ፣ እዚያ ከሆነ የባሕር ዳር ቤት አለ እያለች በሐሳቧ ሴትየዋን ስትስል፣ ፀጉሯን ስትመርጥላት ነበር። የባሕር ዳሯ ከተማ ቪክቶር ሃርበር ደረሱ። ሊንደን ወደ ባሕሩ አልሄደም። ከከተማው ጀርባ፣ ጡረተኞች የሚኖሩባቸው አንድ ዓይነት የጡብ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ ገብቶ ቆመ።

ወርዶ አንዱን በር አንኳኳ። ሲወጣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ይዞ ወጣ። ሽማግሌው ባለ ጎማ መራመጃ እየገፉ፣ ቀኝ እግራቸውን ከዳሌያቸው ጀምሮ እንደ እንጨት እየጎተቱ ነው። መኪናው ጋ ሲደርሱ ሊንደን መወጣጫውን አወጣና መሬት ላይ አስቀመጠ። ሽማግሌው በሩን ይዘው አንድ እግር አሳረፉ፤ ሁለተኛው እምቢ አለ። ሊንደን ከብብታቸው ሥር ገብቶ አቅፎ አነሳቸው። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያቃስቱ ሜሪን ጆሮአቸውን አየች። አንድ ዓይነት ነው፤ ትልልቅ፣ ወደ ፊት የወጣ፣ የፒፓም ጆሮ።

ሊንደን አባቱን በተመለከተ የነገራት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። አባት የለኝም ነበር ያላት። እሷም ሞተዋል ብላ ነው የያዘችው፤ በሠርጓ ዕለትም የሟች መታሰቢያ ሻማ አብርታላቸው ነበር። ሰውየው ግን ሊንደን ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ከቤት ወጥተው ያልተመለሱ ሰው ናቸው።

ሜሪን ከግሌኒስ መኪና ወርዳ መንገዱን ተሻገረች። ሊንደን ሲያያት እጁ በሩ ላይ ቀረ።

“ማነች?” አሉ ሽማግሌው ከላይ ሆነው።

“ሚስቴ ናት፣ ክሌም” አለ ሊንደን። አባቱን በስማቸው ነው የጠራቸው።

ክሌም ከላይ እስከ ታች ካዩዋት በኋላ፣ “እንግዲህ ሚስቱ ከሆንሽ ንገሪው። ይሄን የጭድ ክምር የመሰለ ነገር ማን ግዛ እንዳለው አላውቅም። ስወጣ ስወርድ ያለችኝን ዳሌ ሊጨርሳት ነው” አሉ።

ሜሪን ሳቋም እንባዋም መጣ፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው። ባሏን ይዛ ጥቂት ራቅ አለች። ሊንደን ያን ጊዜ ነገራት። በገና ሰሞን አንዲት የሆስፒታል ሠራተኛ ደውላ ነው ከአባቱ ጋር ያገናኘችው። መጀመሪያ ወደ ሐኪም የወሰዳቸው በትንሿ መኪና ነበር። ክሌም ገብተው እግራቸው አልታጠፍ አለ፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀርቅረው ቀሩ፤ ሰው ከብቦ አየ፤ አንድ ወጣት ሐሳብ ሰጠ፣ ሌላው ሳቀ። ሊንደን ያን መቋቋም አቃተው። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ መኪና ተራ ሄዶ ከሁሉ ትልቁን ገዛ።

“ለእሳቸው ቁመት ብለህ?” አለችው።

“ለቁመቱ ብዬ ነበር የሄድኩት።” ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየና፣ “ስገዛው ግን ያየሁት ሌላ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ጥሩምባ ሳሰማ፣ በመስኮት ሲያየኝ ነው የታየኝ። ትቶት የሄደው ልጅ በምን እንደመጣ እንዲያይ” አለ።

“ፒፓን ልገጫት ነበር፣ ሊንደን። ያን ቀን እንኳ አልነገርከኝም።”

“ብነግርሽ እሱን ተው የምትዪኝ መሰለኝ።”

ልክ ነበር፤ ልትለው ትችል ነበር። ይህን ስላወቀች ይበልጥ ተናደደች። ሌላስ ምን የደበቅከኝ አለ ብላ ጠየቀችው። ምንም የለም አለ። አላመነችውም፤ አላመንኩህም ብላም ነገረችው። ወደ ቤት የተመለሰችው በግሌኒስ መኪና ነው፤ ግሌኒስም እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ለእሳቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ። ሊንደን ሲሟገት፣ አሁን ቤተሰባችን ጨምሯል፣ ሦስት ነን ማለት አቁሚ ይላል። ሜሪን ደግሞ አንድ ሰው ቢጨምር አራት እንጂ ሰባት አይሆንም ትለዋለች። በመጨረሻ የፈረዱት ክሌም ናቸው። አንድ ቀን ባልና ሚስቱ ይዘዋቸው መኪና ተራ ሄዱ፤ ክሌም መራመጃቸውን እየገፉ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ገብተው ተቀመጡ፣ ወጡ፣ ተቀመጡ፣ ወጡ። ሻጩ ዝም ብሎ በር ይከፍታል። ይሄ ጉድጓድ ነው፣ ይሄ መሰላል ይፈልጋል እያሉ መጥተው፣ አንድ ተራ የሆነ አሮጌ ግራጫ መኪና ውስጥ መቀመጫቸውን አሳርፈው፣ ዞር ብለው እግራቸውን ያለ ማንም እርዳታ አስገቡ። መቀመጫው በዳሌያቸው ልክ ነበር። ሌላ ምሥጢር የለውም። ሜሪን ከፊቱ ዞራ ቁጢጥ አለችና ሊንደንን ከመሪው ኋላ ሆኖ ግንባሯ ይታየው እንደሆነ ጠየቀችው። ይታየኛል አለ። ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ጥቁሩ ሄደ። ግሌኒስ የእግረኛው መንገድ ተከፈተ ብለው ጋሪያቸውን እየጎተቱ ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተመላለሱበት።

በመጋቢት አንድ እሑድ ክሌም ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ መጡ። ሜሪን የበግ እግር ጠብሳ፣ ድንችና ዱባ አድርጋለች። ፒፓ አጠገባቸው ተቀምጣ እግራቸው ለምን እንደማይታጠፍ፣ ብረት ገብቶበት እንደሆነ፣ ማግኔት ቢጠጋው እንደሚይዘው ጠየቀቻቸው። ክሌም ሁሉንም በቁም ነገር መለሱ። ልጅቷ ማግኔት ፍለጋ ስትሮጥ፣ ሊንደንም መረቁን ሊያመጣ ሲነሳ፣ ሜሪን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አንድ ነገር ልንገርዎት። ልጄ ሰው ቶሎ ትለምዳለች። ሰውን ትተው መሄድ እንደሚያውቁበት አውቃለሁ። ገና አላመንኩዎትም።”

ክሌም ቢላቸውን አስቀምጠው፣ “ጎበዝ” አሉ። “እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ያችን ጨው አቀብይኝ እስቲ።”

አቀበለቻቸው።