ሶኬቱ እንደተሰካ

ሻጩ ከመሳቢያው የስቲከር ጥቅል አውጥቶ አንዱን ላጠና ትልቁ ቴፕ ጀርባ ላይ ሊለጥፍ ሲል ሰርዋ እጁን ያዘችው።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"የጥራት ምልክት አለው ወይ አላልሽም እናቴ? ይኸው፣ አሁን ይኖረዋል።"

ታናሽ ወንድሟ ኦፖኩ በሳቅ ፈረሰ። "አላልኩሽም? ወረቀት እኮ ነው! ይልቅ ድምፁን ስሚ፤ የኩማሲን ከተማ በሙሉ ያነቃንቃል።"

ሰርዋ አልሳቀችም። አሥራ አራት ዓመት የጋዝ ሲሊንደር በውሃ ግፊት ስትፈትሽ ኖራለች፤ ግፊቱን የቻለው ላይ ማኅተሙን በመዶሻ የምትመታውም ራሷ ናት። አንድ ጊዜ ቸኩላ ሳትፈትሽ ማኅተም የመታችበት ሲሊንደር ትዝ ሲላት፣ የጫነውን መኪና በባዶ እግሯ ሮጣ ከግቢው በር አስቁማለች።

"የእኔም ማኅተም ወረቀት ነው በለኛ!"

"ያንቺማ ጋዝ ነው፣ ይፈነዳል። በሙዚቃ ማን ይሞታል?"

"አባባ።"

አባታቸው በወጣትነታቸው ትራምፔት ነፊ ነበሩ፤ ግራ ጎናቸው ከሰለለ ወዲህ ግን ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ አይወርዱም። ቤት ያለው አሮጌ ቴፕ እንደ ካውያ እየጋለ እሳት እንዳያስነሳ ስላስፈራት፣ ሰርዋ ሁሌ ጠዋት ሶኬቱን ነቅላ ነው ሥራ የምትሄደው። ጎረቤት ምሳ ልታበላቸው ብቅ ከምትለው በቀር ሽማግሌው ጣራ ጣራውን እያዩ ይውላሉ። አዲስ ቴፕ ፍለጋ የወጣችውም ለዚህ ነው።

ሁለት ሱቅ አልፈው አንዲት ሴትዮ ዘንድ ገቡ። እዚህ ያገኙት ቴፕ አነስ ያለ ነው፤ ምልክቱ ግን ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ሰርዋ ቁጥሩን ከቴፑ የዋስትና ወረቀት ጋር አስተያየች። ወደ ጥራት ደረጃዎች መሥሪያ ቤት ደውላም ቁጥሩን አስጣራች፤ መዝገብ ላይ ተገኘ።

"በቃ፣ እንሂዳ!" አለ ኦፖኩ።

"ገና ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከፍ አድርገን እናጫውተው። ማኅተም የሚመታውም ሰው ነው፤ እንደኔ ሊቸኩል ይችላል።"

"ኧረ በእግዜር! ሲሊንደር መሰለሽ እንዴ?"

ሴትዮዋ እየሳቀች በርጩማ አቀረበችላቸው። ሰዓቱ ሲሞላ ሰርዋ መዳፏን ቴፑ ጀርባ ላይ አሳረፈች፤ ለብ ከማለት አላለፈም። ደስ አላትና ራሷ ተሸከመችው።

ሰኞ ጠዋት አባቷ "ድምፁ ከድሮው ያንሳል" ብለው አጉረመረሙ። ቀኝ እጃቸው ግን ብርድ ልብሱ ላይ ትራምፔት የያዘ ይመስል ቁልፎቹን ይጫን ነበር። ሰርዋ ቦርሳዋን አንግታ እንደ ልማዷ ወደ ሶኬቱ ጎንበስ ስትል የሽማግሌው ጣቶች ቆሙ።

እጇን መለሰች።

"እስክመጣ ይጫወታል፣ አባባ" አለችና በሩን ዘግታ ወጣች።