የጃግዴዎ ረድፍ

«አገዳ የሚጭኑት የባቡር ፉርጎዎች ነገ ጠዋት ይመጣሉ» አለ አፒሳይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተራው ደግሞ የእሱ ማሳ ነው። ምን ይሻላል?»

ከቆርቆሮው ዳስ ሥር የተቀመጡት አገዳ ቆራጮች ካቫ የተባለውን የሥር መጠጣቸውን ይቀባበላሉ። ሟቹ ጃግዴዎ የማህበራቸው አለቃ ነበር፤ ሐዘኑም ገና አላለቀም።

ሚስቱ ዳንራጂ ከጓዳ ሰምታ ብቅ አለች። «እሱ ተራ አሳልፎ ያውቃል እንዴ?»

«የእናቱ ቀብር ለት እንኳ አላሳለፈም» አለ አፒሳይ ፈገግ ብሎ። «ከቀብር መልስ ማሳ ድረስ መጥቶ ሰድቦናል እኮ!»

እውነት ነው፣ ተሳዳቢ ነበር። የስኳር ኩባንያው ጥሎ ሲሄድ ከተማቸው ናቩሲ አንድ ሱቅና የሐዲድ ጫፍ ብቻ ነበረች። ጃግዴዎ ገበሬዎቹን ሰብስቦ «ዛሬ የእኔን፣ ነገ የአንተን» አላቸው። ህንዱም ፊጂያዊውም ጎን ለጎን ቆረጠ። ትምህርት ቤቱን የሠራው ያ ማህበር ነው። ዳንራጂ በሙሽርነቷ ዓመት ከተማውን ያወቀችው ለቆራጮቹ ምሳ ስታመላልስ ነበር፤ ያን ሳቅና ጫጫታ ስታስበው ዛሬም ሆዷ ይባባል። አሁን ልጆቹ ሁሉ ሆቴል ሥራ ገብተው ገጀራው የቀረው ሽማግሌ እጅ ነው። ይኼ ተራ ካለፈ ማህበሩም አብሮት እንደሚቀበር ታውቃለች።

«ቁረጡ» አለቻቸው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ አፒሳይ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«እትዬ፣ ጉድ ሠርተናል።»

«ምን ሆናችሁ?»

«እንደልማዳችን ሁላችንም ቦታ ቦታችንን ይዘን ገባን። ቀና ስንል እሱ ሁሌ ይቆርጠው የነበረው ረድፍ ማንም ሳይነካው መሐል ላይ ቆሞ ቀርቷል። አሁን ማን ይድፈረው? ባቡሩም ሊሄድ ነው።»

የሟች እህት «ሐዘን የተቀመጠች ሴት ማሳ አትወርድም!» ብላ ተቆጣች። ዳንራጂ ግን የነጭ የሐዘን ሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጣ ወረደች።

ረድፉ ጭው ባለው ማሳ መሐል ብቻውን ቆሟል። «ወይ ጃግዴዎ!» አለች፤ እንባዋ መጣ። እንደቆመ ተዉት ማለት አማራት። ከወዲያ ባቡሩ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ አፏን አፏን ያያሉ።

የመጀመሪያውን አገዳ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ፊቷን አዞረች።

«በል ቁረጥ፣ አፒሳይ» አለችው። «እኔ ይዤዋለሁ።»