መርፌ ብትወድቅ የሚሰማባት መኪና

አባትየው የኤሌክትሪክ መኪናውን ይዞ የመጣ ዕለት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ጭስ የላት፣ ዘይት የላት፣ የነዳጅ ሰልፍ የላት! ግቡ፣ ግቡ፤ መርፌ ብትወድቅ ይሰማል!» እያለ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ልጅቷ ለመኪናዋ «እንጀራ እናቴ» ብላ ስም አወጣችላት። እናትየው ሳቀች፤ ያኔ ገና ሳቅ ነበራት።

ነገሩ የከረረው በገመዱ ነው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ መኪናዋ የምትሞላው ከሳሎኑ መስኮት ቁልቁል በተለቀቀ ረጅም ገመድ ነው። እሷ ተሰክታ ሳለ ካውያ ከተነካ ቆጣሪው ጧ ይልና ቤቱ ድርግም ይላል። እናትየው ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት።

ያን ሳምንት የሙሽራ ልብስ ሱቅ ያላት ሴትዮ አንድ ቀሚስ ሰጠቻት። «ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት አልቆ ካየሁት፣ ከእንግዲህ የሱቄን ቀሚስ ሁሉ የምትሰፊው አንቺ ነሽ» አለቻት። እናትየው ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ስታሳጥር ነው የኖረችው።

ዓርብ አመሻሽ ላይ የቀረው የዘርፉ ሽንሽን ብቻ ነበር። በስፒል ተይዟል፤ ተተኩሶ በማሽን ይሰፋል፣ አለቀ። አባትየው ግን ጓደኞቹን ሲያንሸራሽር ውሎ፣ አራት በመቶ ባትሪ ይዞ ከች አለና ገመዱን ሰካ።

«ለሁለት ሰዓት ብቻ ንቀልልኝ» አለችው እናትየው።

«ነገ በምን ልትሄጂ? ታክሲ ውስጥ ተጋፍተሽ ቀሚሱን ልታጨማድጂው?»

«አባዬ፣ ያልተተኮሰ ቀሚስ ምኑ ይጨማደዳል?» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ምላሳም፣ አርፈሽ ተቀመጪ! ለእሷው ብዬ እኮ ነው። እንደ ንግሥት ነው የማደርሳት።»

እናትየው በእጇ መስፋት ጀመረች። ልጅቷ ገመዱን ልትነቅል ሁለት ጊዜ ተነሳች፤ እናትየው ሁለቱንም ጊዜ በዓይኗ መለሰቻት።

ጠዋት መኪናዋ መቶ በመቶ ሞልታለች። የቀሚሱ ዘርፍ ግን ግማሹ አሁንም በስፒል እንደተያዘ ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ፣ ያለ ኮሽታ።

ባለ ሱቋ የዘርፉን ጫፍ ብታነሳው ስፒል ጣቷን ወጋት። «ሙሽራዬን ጃርት ልታደርጊያት ነው እንዴ?» አለችና ሌላ ሰፊ ጠራች። ሰፊዋ ስፒሎቹን መንቀል ያዘች፤ ነቅላ ስትጨርስ በእናትየው መዳፍ ላይ እፍኝ ያህል አፈሰሰችላት። ባለ ሱቋ በሩ ድረስ ሸኘቻቸውና መኪናዋን ስታይ ፊቷ በራ።

«ውይ ስታምር! ድምፅም የላት አሉ!»

አባትየው ጥርሱ አልከደን አለ።

ሲመለሱ፣ እናትየው ስፒሎቹን ከመዳፏ እያነሳች ወደ ቆርቆሮ ሣጥኗ ትጥላለች። ኪል። ትንሽ ቆይታ፣ ኪል። አባትየው ሬዲዮ ሊከፍት እጁን ዘረጋ።

«ተወው አባዬ» አለች ልጅቷ ከኋላ። «ይሰማ።»