ቦርከናን ማን ሰረቀ?

ሰይድ የሸክላ ስም ይፍቃል። ምላጭ ይዞ ይቀመጥና የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ርዕስ፣ የታተመበትን አገር ሳይቀር ከመሐሉ ክብ ወረቀት ላይ ይልጠዋል። ቦሌ መንገድ ላይ ሙዚቃ ቤት ከከፈተ ጀምሮ እንዲህ ነው። የአየር መንገድ ሰዎች ከየአገሩ ሸክላ ያመጡለታል፤ እሱ ስሙን ይፍቅና ዘፈኑን በካሴት እየቀዳ ይሸጣል። ለምን እንደሚፍቅ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» ስሙን ያወቀ ተፎካካሪ ነገ ያንኑ ሸክላ ያስመጣል ባይ ነው።

ዘፈን ያለ ስም አይሸጥምና የራሱን ያወጣለታል። የወሎ ልጅ አይደል፣ በአገሩ ተራራና ወንዝ ይሰይመዋል፤ አንዱን ጦሳ ይለዋል፣ ሌላውን ሐይቅ። በ1991 ዓ.ም. መግቢያ ቦሌን ያሳበደው ሬጌ «ቦርከና» ነበር። የሚኒባስ ሾፌሮች «ቦርከናን ቅዳልኝ» እያሉ ሲመጡ፣ ጃማይካዊው ዘፋኝ ኮምቦልቻ የተወለደ ይመስል ነበር።

እኔ ሰዓድ እባላለሁ። ከሰይድ እህት ከፈትያ ጋር ቀለበት አስረናል፤ ኒካው ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከሰይድ ሱቅ ማዶ አያሌው የሚባል ሰው ሙዚቃ ቤት ከፈተ። በዚያው ሳምንት ሞንታርቦውን ደጅ አውጥቶ ቦርከናን ለቀቀው። ግጥሙ ያው፣ ቤዙ ያው። ፍጥነቱ ጨምሯል፣ ድምፁ ቀጥኗል፣ ከበሮውም ያለ እረፍት ድም ድም ይላል እንጂ ዘፈኑ ቦርከና ነው።

ሰይድ የያዘውን ሻይ ሳይጨርስ ፈረደ። ያ ሸክላ ከሱቅ ወጥቶ ያደረው እኔ ጋ ብቻ ነው። የሸክላ ማጫወቻው ተበላሽቶበት ስጠግንለት ለመሞከሪያ የወሰድኩት እሱን ነበር። በዚያ ላይ የምሠራው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የጭነት ድርጅት ውስጥ፣ ኮምፒውተር ላይ ነው።

«በኮምፒውተር አፍጥነኸዋል» አለኝ፣ የሱቁ በር ላይ አቁሞ። «ከበሮም ደርበህበታል። የተሰረቀ በቅሎ ቀለም ቢቀቡት ባለቤቱ የማያውቀው መሰለህ?»

«ሰይዴ፣ ወላሂ ለማንም አልሰጠሁም።»

«ወላሂን ተዋት። ሌባው እስኪታወቅ ኒካ የለም።»

ደሜ ፈላ። የሰው ስም ሲፍቅ የኖረ ሰው እኔን ሌባ ይበለኝ? ሌባ እናት ልጇን አታምንም ማለት ይሄ ነው። ነገር ግን አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ፈትያን የሚድራት እሱ ነው፤ ስለዚህ ንዴቴን ዋጥ አደረግኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ስገባ መሳቢያውን መቆለፍ ጀመረ። ቤታቸው ስሄድ እናታቸው ሻይ እየሰጡኝ ዓይናቸው እጄን ይከተላል። ፈትያን ስጠይቃት ዓይኗን ሰበር አድርጋ «አላህ ያውቃል» ትላለች። ከእኔ ጋር መቆሟ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ምስክር የሚሆነኝ ሰው ስላልነበረ ኢንተርኔት ውስጥ ገባሁ። ያኔ ኢንተርኔት ያለው መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው፤ የእኛም ቢሆን የስልኩ መስመር ነፃ ሲሆን ብቻ ነው የሚሠራው። ከቦርከና ግጥም የያዝኩትን እንግሊዝኛ ጻፍኩና ፈለግኩ። ከብዙ ልፋት በኋላ አንድ ባሕር ማዶ ያለ ሸክላ ሰብሳቢ ያዘጋጀው ገጽ ወጣልኝ። ያነበብኩትን በአፌ ብነግረው ሰይድ እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮው ጭር ሲል፣ እሱንና ፈትያን ይዣቸው ሄድኩ።

ፈትያ የአያሌውን ካሴት ገዝታ ይዛ መጥታለች። ሰይድ «ለሌባ ሳንቲም አልከፍልም» ብሎ እስከዚያ ቀን ድረስ ካሴቱን ቀርቦ አልሰማውም፤ የሰማው ከመንገድ ማዶ፣ ከታክሲ ጥሩምባ ጋር ተደባልቆ ነው።

ወንበር ስስብለት አልቀመጥም አለ። ሞደሙ መስመር ለመያዝ ሲንጫጫ «ለማን ነው የምትደውለው?» አለኝ። ገጹ ሲከፈት ደግሞ «ይሄን ትናንት ራስህ ጽፈኸው ቢሆንስ?» አለ።

«ፈትያ ታንብበው» አልኩ። ኮሜርስ የተማረች ናት፤ እንግሊዝኛ ከእኔ ትበልጣለች። ማውሱን ያዘች። ቀለበቷ ጣቷ ላይ የለም። ለዙሁር ሶላት ውዱእ ስትታጠብ አውልቃው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ገጹ ላይ የተቀመጡት ዘፈኖች ድምፅ እየተንጠባጠበ ነበር የሚመጣው። መጀመሪያ የመጣው የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ነው፤ በፈረንጆች ስድሳዎቹ የተቀረጸ። አንድ ወንድ ይዘፍናል፣ ከሥሩ የቦርከና ቤዝ ይሄዳል። ሰይድ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ቀጥሎ ራሱ ቦርከና መጣ። ጃማይካዊው ያንኑ ዘፈን ወስዶ አዘግይቶታል፤ ከበሮው የመጀመሪያውን ምት ይዘለዋል፣ ጊታሩ በመሐል በመሐል ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋል። ሦስተኛው ዲስኮ ነው። የዚያው የአሜሪካዊው ግጥም፣ ያው ቤዝ፣ ነገር ግን የምትዘፍነው ሴት ናት፤ ከኋላዋ ቫዮሊን አለ፣ ከበሮው አንድም ምት አይዘልም። ፈትያ የአያሌውን ካሴት ቢሮው ውስጥ ባለው ቴፕ ከታ ከፈተችው። ያችው ሴት፣ ያው ቫዮሊን።

«የዲስኮውን ዓመት አንብቢለት» አልኳት።

«ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስምንት፣ በፈረንጅ።»

«ያኔ ፊደል እንኳ አልቆጠርኩም። ታዲያ ማን ነው በኮምፒውተር ያፈጠነው?»

ሰይድ እንደገና ሦስቱንም አሰማኝ አለ፤ አሰማሁት። «ሬጌውም ዲስኮውም የአንድ እናት ልጆች ናቸው በለኛ» አለ በመጨረሻ። «አያሌውም የራሱን ነው ያመጣው።»

ፈትያ ማንበቧን አላቆመችም። «ወንድምዓለም፣ ይሄን ስማ። ጃማይካ ውስጥ ሙዚቃ የሚያጫውቱት ሰዎች ከአሜሪካ ሸክላ ሲያስመጡ፣ ተፎካካሪ እንዳያውቀው ስሙን ከላዩ ላይ ይፍቁት ነበር ይላል።»

«ይፍቁት ነበር?»

«ይፍቁት ነበር።»

ሰይድ እስኪያስለው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ፊቱ ላይ እፍረት የሚመስል ነገር አየሁ። «የቦርከና ዘፋኝ፣ ስሙ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፈትያ ነገረችው። ስሙን በአፉ እያመላለሰ ሊይዘው ሞከረ። ከዚያ ተነስቶ ትከሻዬን አቀፈኝ። «አውፍ በለኝ፣ ክፉ ጠርጥሬህ ነበር። ኒካው በቀኑ ነው።»

ደስታዬን ላካፍላት ወደ ፈትያ ዞርኩ። ጀርባዋን ሰጥታን ቦርሳዋ ውስጥ ትፈልጋለች። የተቋጠረ መሐረብ አወጣች። ቋጠሮውን ፈታችና ከውስጡ ቀለበቷን አንስታ ጣቷ ላይ አደረገችው።

ለውዱእ ያወለቀ ሰው ቀለበቱን ኪሱ ውስጥ ይከታል። መሐረብ ላይ ቋጥሮ የሚመጣው ለባለቤቱ ሊመልስ ነው። ሰይድስ ይጠርጥረኝ፣ የኖረበት ነው። «አላህ ያውቃል» ስትለኝ ለካ እሷ ማወቅ አቅቷት ነው።

«ቦርከናን አንድ ጊዜ ድገምልን» አለ ሰይድ።

ፈትያ ዞር ብላ ፈገግ አለችልኝ፤ እጇን እኔ እንዳየው ጠረጴዛው ላይ ዘርግታዋለች። ዘፈኑን ድጋሚ አዘዝኩት። እስኪመጣ ሦስታችንም ጠበቅን። ያን ጣት ባዶ ሆኖ ካየሁበት ጊዜ ይልቅ፣ ቀለበቱን አድርጎ ሳየው ባሰኝ።