እፍኝ ማሟያ ለወይዘሮ

ዕድሜውን ሁሉ ግብረገብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ከሁሉ በላይ የሚያጣው የሚገሥጸውን ሰው ነው። እኔም ባለቤቴን፣ ጎረቤቶቼንና የአውቶቡስ ሾፌሮችን ገሥጬ ከጨረስሁ በኋላ፣ የእንስሳት ምርምር ተቋሙ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ከውጭ አንድ አባል እንደሚፈልግ ስሰማ ጥሪው በቀጥታ ለእኔ የተላለፈ መሰለኝ። ልጄ በዚያው ተቋም ተመራማሪ በመሆኗ በእርሷ ጥናት ላይ ድምፅ እንዳልሰጥ ተወሰነ። ጋጣዎቹን ተዘዋውሬ የማየት መብት ግን ነበረኝ፤ ጥፋቱም በዚያ በኩል ገባ።

ያለ ጊዜው የተወለደ ግልገል መተንፈስ ቢችል እንኳ አንጀቱ ገና ጥሬ ነው። ወተት ሲሰጡት ሆዱ ይነፋል፣ አንጀቱ ይቆስላል፣ ብዙ ጊዜም አይተርፍም። እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ማሟያ ምግብ ብታገኝ የግልገሉ አንጀት ቀድሞ ይጠነክር ይሆን? የልጄ ጥናት ይህን ለማወቅ ነበር። ያረገዙ በጎች በሁለት ጋጣ ተከፍለዋል። የአንደኛው ጋጣ በጎች ከመኖአቸው ጋር ማሟያው፣ ቢጫ ዱቄት፣ ይጨመርላቸዋል፤ የሁለተኛው በጎች መኖውን ብቻ ይበላሉ። ግልገሎቹ ቀናቸው ሳይደርስ በቀዶ ጥገና ይወጡና ጥቂት ቀን ወተት ይጠጣሉ፤ ከዚያም ተገድለው አንጀታቸው ይመረመራል። የልጄ ዶክትሬት የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነበር።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን መገደላቸው ሳይሆን አድልዎው ነበር።

ዱቄት ከተነፈጋቸው መካከል ፊቷ ጠቆር ያለ፣ ረጋ ብላ የምታመነዥክ አንዲት በግ ነበረች። የጋጣው ኃላፊ፣ ቀልድ የሚወድ ወፍራም ጎልማሳ፣ «ወይዘሮ» ይላታል። ማዶ ያሉት ሲበሉ አንገቷን በአጥሩ እንጨት መካከል አውጥታ ትመለከታለች። አንጀቴን በላችው።

«ለእነዚህስ ለምን አይጨመርላቸውም?» አልሁት ኃላፊውን።

«ጋሼ፣ ለእነዚህም ከተጨመረ የእነዚያ ከምን ጋር ሊነጻጸር ነው?»

«ፍትሕ አይነጻጸርም።»

ዛሬ ሳስበው ትርጉም አላገኝበትም። ያን ዕለት ግን እንደ ጥቅስ ከአፌ ወጥቶ ራሴን ደስ አሰኘኝ።

በሚቀጥለው ጉብኝቴ ከዱቄቱ በርሜል አንድ እፍኝ ዘግኜ በኮቴ ኪስ ከተትሁና ወደ ወይዘሮ ተሻገርሁ። ከዚያም ወዲያ ባዶ እጄን የሄድሁበት ቀን የለም። እርሳስ የደበቀ ተማሪ ባገኝ ወላጁን ካላስጠራሁ የማይሆንልኝ ሰው ነበርሁ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ተረትም ለተማሪዎቼ ያብራራሁ እኔ ነኝ፤ ባለታሪኳን ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው አድርጌ ነበር የማስባት።

ወይዘሮ ድምፄን ከበር ስትሰማ እየሮጠች መምጣት ጀመረች።

«ጋሼ፣ ምን አስነክተዋት ነው?» አለ ኃላፊው።

«እንስሳ ቅን ሰው ያውቃል።»

«የማበላትና የማጠጣት እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ትረግጠኛለች። እንግዲህ ክፉ ሰው መሆኔ ነው።»

«ራስህን መርምር» አልሁት፣ ኪሴን በእጄ ሸፍኜ።

ግልገሎቹ በቀዶ ጥገና ወጡ። ከጥቂት ቀን በኋላ በሞቀው ክፍላቸው ልጄን ሳገኛት፣ የአንደኛው ጋጣ ግልገሎች አብዛኞቹ ደህና ሲሆኑ የሁለተኛው ጋጣ ግልገሎች ሆዳቸው ተነፍቶ በየሣጥናቸው ተጋድመዋል። ከእነርሱ መካከል የወይዘሮ ልጅ ብቻ ጭራዋን እያወዛወዘች ጡጦ ትጠባለች።

«ይቺ አንዷ ጉድ ሠራችኝ፣ አባዬ» አለች ልጄ።

«ደህና በመሆኗ ታዝኛለሽ?»

«ያሉኝ በጎች ጥቂት ናቸው። እሷ ስትገባበት የሁለቱ ጋጣ ልዩነት ይጠፋል። ነገ ከሌሎቹ ጋር ትመረመራለች፣ እኔም ማሟያው የረባ ነገር አላመጣም ብዬ እጽፋለሁ።»

«ብታስወጫትስ?»

ዞር ብላ አየችኝ። «በምን ምክንያት? ስላልተመቸችኝ? ‹ያልተመቸ እውነት እንግዳ ነው፤ በር አይዘጋበትም› እያለ ያሳደገኝ ማን ነው?»

እኔ ነኝ። በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቅዬላት ነበር።

«እንግዳም እኮ አንዳንድ ጊዜ...» ብዬ ጀመርሁና መጨረሻውን አጣሁት። ዝም ብል ልጄ በፍጹም ታማኝነት ሐሰት ልትጽፍ ነው። ያስተማርኋት ሁሉ ዞሮ እኔኑ ከግድግዳ ጋር አጣበቀኝ። ኪሴን ገለበጥሁ። ስፌቱ ውስጥ ቢጫ ዱቄት ነበር።

ዱቄቱን በጣቷ ነክታ አሸተተችው። «ለማን?»

«ለወይዘሮ። በመጣሁ ቁጥር።»

አልጮኸችም። አንድ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበት። «ለምን?»

«እኩል እንዲሆኑ ብዬ።»

«አባዬ፣ ይጥቀም ይጉዳ አናውቅም እኮ። የሚጎዳ ቢሆንስ ኖሮ? ግፍ የሠራኸው በወይዘሮ ላይ ይሆን ነበር። እኔ የለፋሁት ይህን ለማወቅ ነው።»

ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ በአእምሮዬ ሽው ብሎ አያውቅም። የተሰጠ ነገር መልካም፣ የተነፈገም ግፍ ነው ብዬ ፍርዱን የጨረስሁት ምስክር ሳልሰማ ነበር።

«ታዲያ ልጇን ያዳናት ማሟያው ነው?» አልሁ፣ ምስጋና ቢጤ ብትወረውርልኝ ብዬ።

«በአንዲት ግልገል አይታወቅም። ዕድል ሊሆን ይችላል። የሷ ነገር ከእንግዲህ መቼም አይታወቅም።»

ልጄ የሆነውን ሁሉ ለኮሚቴው በራሷ አንደበት ተናገረች። ወይዘሮና ልጇ ከጥናቱ ወጡ፤ በምትካቸው ሌላ በግ አርግዛ ግልገሏ እስኪመረመር ድረስ ዶክትሬቷ ተራዘመ። እኔን ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ አሰናበተኝ። ቢፈቀድልኝ እኔም እጄን አወጣ ነበር።

ከጥናት የወጣችን ግልገል ግን ለመግደል ምክንያት አልነበረም። ከሣጥኗ ለመውጣት ስትበረታ ኃላፊው አቅፎ ወደ በሩ አመጣልኝና፣ «ጋሼ፣ ቅን ሰው ታውቃለች ብለውኝ የለ? ይኸው» ብሎ አስታቀፈኝ። ልጄ ጡጦውን ሰጠችኝ።

«በጥቂት በጥቂቱ ነው የምትሰጣት። ብትለምንህም እንዳትጨምርላት፤ አንጀቷ ገና ነው።»

«እሺ።»

«እሺ ስትል አላምንህም» አለችና ለእናቷ ደወለች።

አሁን ግልገሏ በማድ ቤታችን ትኖራለች። ልጄ በየሳምንቱ እየመጣች ትመዝናታለች፤ ከእርሷ ጋር ተጫውታ ስትጨርስ ለእኔም ሰላምታ አላት። ባለፈው ሳምንት «ወፍራለች» ብላ ስትስቅ አብሬ ልስቅ አልሁና አልደፈርሁም። ልከኝነትን ሳስተምር የኖርሁት ሰው፣ ጡጦው አልቆ ግልገሏ ስታለቅስ አንዲት ጠብታ ልጨምርላት እጄ ይሄዳል። ከሳሎን የባለቤቴ ድምፅ ይመጣል፦

«አየሁህ።»

አላየችኝም፤ ታውቀኛለች። ግልገሏም አፍንጫዋን ወደ ኮቴ ኪስ ትሰዳለች፤ የእናቷን ልማድ ማን እንደነገራት እንጃ። ኪሱን ግን ባለቤቴ፣ ግራና ቀኙን፣ በወፍራም ክር ሰፍታ ዘግታዋለች።