ባለ ሁለት ቁልፉ ሳጥን

የእኛ ቀበሌ ሁለት ሊቀ መንበር ነበረው። ሐይቁ ዳር ያሉት ሁለት ቀበሌዎች በ1977 ሲዋሃዱ ጓድ ዳኘውም ጓድ አዘዘም ወንበሬን አልለቅም አሉ፤ ከበላይ አካል "እኩል ምሩ" ተባለ። ማኅተሙን ባለ ሁለት ቁልፍ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው አንድ አንድ ቁልፍ ያዙ። ከዚያ ተጣሉ፤ ሳጥኑም ሦስት ወር ሳይከፈት ቀረ።

በሌሎች ቀበሌዎች ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና እየለቀሙ በካሚዮን ይጭኑ ነበር። ልጄ አንዳርጋቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ እህቴ ዘንድ ልስደደው ብል የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል። ጓድ ዳኘው ጋ ስሄድ "መጀመሪያ እሱ ይፈርም" ይለኛል። ጓድ አዘዘም ያንኑ።

"ተያቸው" አለችኝ ጎረቤቴ እናትዓለም። "እስከተጣሉ ድረስ የእኛንም ልጆች የሚወስድ የለም። በምን ማኅተም?"

አልሰማኋትም። የንስሐ አባቴ አለቃ ወልደ ሐዋርያት እግር ላይ ወደቅሁ። "አባቴ፣ ያስታርቁልኝ።"

"እነሱ እንኳ ቄስ መስማት ትተዋል" አሉ። "ግን ሁለቱንም ያጠመቅኋቸው እኔ ነኝ።"

ረቡዕ ጧት ታረቁ። ሳጥኑ ተከፈተ፤ የሦስት ወር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተቆለለ። አንዱ ይፈርማል፣ ሌላው ይፈርማል፣ ማኅተሙ ይመታል። ማንም አያነብም፤ አንዱ ሌላው ያነበበው ይመስለዋል። የልጄ ወረቀት ሲመታ አንስቼ ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁት። ከሥሩ ረጅም የስም ዝርዝር ነበር፤ እሱም ተፈርሞ ተመታ። ከጠረጴዛው ማዶ ስለቆምሁ ፊደሉ ተገልብጦብኛል፤ እንደዚያ ማንበብ ገና አልችልም።

ሐሙስ ጧት አንዳርጋቸው በጀልባ ሄደ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ የመሠረተ ትምህርት ክፍላችን ነበር። እናትዓለም እንደ ወትሮዋ ከአጠገቤ ተቀምጣለች። ሁለቱ ሊቃነ መናብርት ጎን ለጎን ገቡ፤ ጓድ ዳኘው ያንን ዝርዝር ይዟል።

"የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ፍሬ ይታይ እስቲ" አለ። "ጓዲት የሺአረግ፣ አንብቢልን።"

ርዕሱ "ለውትድርና የተመለመሉ" ይላል። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ልዘለው አሰብሁ፤ ግን ተራ ቁጥር አለው።

"አንዳርጋቸው ገብረ መስቀል።"

ጓድ አዘዘ ቀና አለ። "ያንቺ ልጅ አይደለም እንዴ? የት ነው?"

"ቁንዝላ።"

"ማን ፈቅዶለት?"

"እናንተው። ሁለታችሁም ፈርማችሁለታል።"

ዳኘው አዘዘን አየ፤ አዘዘ ዳኘውን። የበላይ አካል ቢጠይቅ ወረቀቱ ላይ የሁለቱም እጅ አለበት።

"ቀጥዪ" አለ ጓድ ዳኘው በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጣቴን ስምንተኛው ላይ አሳረፍሁ። እናትዓለም ገና ፊደል ቆጣሪ ናት፤ አንገቷን አስግጋ ጣቴን ታያለች።

"ምን ይላል?" አለችኝ በሹክሹክታ።

የልጇ ስም ነበር።